የሁለት ቤት ፈረስ

ልጄ ሐብታሙ ባለፈው ሰሞን ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ከአሮጌ ማረሻና ከተበጣጠሰ ጆንያ ሥር አንዲት የነሐስ ቃጭል አገኘና፣ ሳይጠይቀኝ ወስዶ ባጃጁ መስተዋት ላይ አንጠለጠላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጁ መካነ ሰላም ውስጥ የት እንዳለ ከደጄ ሳልነሣ አውቃለሁ፤ መናኸሪያው አካባቢ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ታንቃጭላለች፣ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ዝም ትላለች። ልቆጣው ተነሥቼ ነበር። ቁጣ አይቸግረኝም፤ ልጆቼ ይመስክሩ። ነገር ግን ለምሳ ሲመጣ ቃጭሏን ፈትቼ ብይዛት፣ የደረቀው የቆዳ ማሰሪያዋ አሁንም የፈረስ ላብና የቆየ ቅቤ ይሸታል፤ ቁጣዬን ተውኩና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንክ አባዬ?» አለኝ።

«የሰው ዕቃ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ የሰው ነው።

ባጃጁን የገዛችው እኅቱ እናኑ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችውም እሷ ናት። አሁን ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው፤ ሐብታሙ ሁለተኛ ባጃጅ ያልማል፣ እኔ ወገቤን ያመኛል፣ እሷም በየዓርቡ ትደውልና «አባዬ፣ ልጨምር ወይስ ልምጣ?» ትለኛለች። እኔ «አንቺ እንዳየሽው» እላታለሁ። እሷ «እናንተ እንዳላችሁ» ትለኛለች። ስልኩ ሲዘጋ ሁለታችንም የተናገርነው ነገር የለም። ቃጭሏን ይዤ ስቀመጥ ይህን የመሰለ ንግግር ዱሮ የት እንደሰማሁት ትዝ አለኝ፤ ስለ አንድ ፈረስ ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነው፤ የቀረውን ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ስለዚህ አሳምሬ ባልጽፍ እንኳ እንደነበረ እጽፋለሁ።

ያደግኩት ከከተማዋ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጅረት የሚያቋርጠው ሰፊ ሜዳ ራስ ላይ ነው። ሁለት ቤት ነበርን፤ የአባቴ የተሰማና የጎረቤታችን የጋሼ ይማም። በመካከላችን አጥር ነበር፤ ነገር ግን ሰው ከተመላለሰበት ብዛት በሩ የቱ ጋ እንደሆነ የማይታወቅ አጥር ነበር። ከሥጋ በቀር ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም። እነሱ የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ለእሱም ቢሆን ፋሲካ ሲደርስ አባቴ ጠቦት ከነነፍሱ እየነዳ በአጥሩ ያሳልፍና «በል ይማም፣ እንደ ሃይማኖትህ አድርገው» ይለዋል፤ ለአረፋ ደግሞ ከዚያ በኩል ሌላ ጠቦት እየተጎተተ ይመጣል። እናቴ አንድ ጊዜ፣ የሄደውም የመጣውም ጠቦት አንድ ሳይሆን አልቀረም ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል።

ፈረሱ የመጣው በርቢ ነው። ጋሼ ይማም አንዲት ባዝራ ነበረችው፤ ደህናው ሣር ግን በእኛ በኩል ነበር። ስለዚህ በአገሩ ደንብ ባዝራዋን ለርቢ ሰጠን፤ እኛ ልናበላ፣ የሚወለደውን እኩል ልንካፈል። በመስከረም፣ ሜዳው ገና ውሃ እንደቋጠረ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ውርንጭላ ወለደች። ጥጃ ቢሆን ሸጦ መካፈል ነው፤ ይህን ግን ገና እግሩ ሳይጸና ሁለቱም ሰዎች ወደዱት፤ ማንም «እንሽጠው» ሊል አልቻለም። በእግር ተካፈሉት። የፊቶቹ ሁለት እግሮች የጋሼ ይማም፣ የኋላዎቹ ሁለቱ የእኛ ሆኑ። ነገሩ ለእነሱ ቀልድ ነበር፤ እኔና የጋሼ ይማም ልጅ ዘሀራ ግን የምር ነበር የያዝነው።

«ቀድሞ የሚደርሰው የእኛ እግር ነው» ትለኛለች።

«የእኛ ባይገፋው የእናንተ የት ይደርስ ነበር?» እላታለሁ።

አንድ ቀን ውርንጭላው በኋላ እግሩ ጭኔን ብሎ ሲያንከባልለኝ፣ ዘሀራ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «የራስህ እግር ነው፤ ማንን ልትከስ ነው?» አለችኝ።

መሮጡን የነገረን መኪና ነው። ያን ጊዜ ከደሴ አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ይመጣል። ከሜዳው ራስ ካለችው ብቸኛ ወይራ አንሥቶ እስከ ጅረቱ ድረስ መንገዱ ከሜዳው ጎን ለጎን ይወርዳል። ውርንጭላው ገና ልጓም ሳይነካው፣ መኪናው ወይራዋ ጋ ብቅ ሲል ጆሮውን ያቆምና ይነሣል። አነሣሡን ያየሁት አይመስለኝም፤ የማየው ከኋላው የሚተኛውን ሣር ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ቢከተለውም ቀድሞ ጅረቱ ዳር ይገኛል። ከደረሰ በኋላ ግን መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ዞር ብሎም አያየው፤ አንገቱን ደፍቶ ይግጣል። ተፈጥሮው እንደዚያ ነበር። ከወይራዋ እስከ ጅረቱ ያለችው ያቺ አጭር መንገድ ብቻ ተሰጠችው፤ በእሷ ላይ የሚደርስበት የለም፣ እሷን ካለፈ ግን እህል የጫነ አህያም ይቀድመዋል። አባቴ «ይሄ ፈረስ ሰነፍ ነው፤ የሚፈጥነው ቶሎ ለመገላገል ነው» ይል ነበር። ስሙን ድረስ አሉት።

አባቴ ከባድ ሰው ስለነበር ማብላትና መግራት የእሱ፣ መጋለብ ደግሞ የጋሼ ይማም ሆነ። ጋሼ ይማም ቀጭን ነበር፤ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ጋቢውን ያሰጡበት ነበር የሚመስለው። የመጀመሪያው ውድድር የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፤ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው ለፈረሰኛ ይለቀቃል። በጥምቀት ሜዳ ሙስሊም ጋላቢ ምን ይሠራል ያለ ሰው አልሰማሁም። ከከላላ በኩል የመጡት ፈረሶች አንገታቸው የወፈረ፣ ግላሳቸው ያማረ፣ ጋላቢዎቻቸውም ጢማቸውን ያሳመሩ ነበሩ። አንደኛው ድረስን ቁልቁል አየና «ምነው ጋሼ፣ ጡት ሳታስጥሉ አመጣችሁት?» አለ።

«አዎ፣ እናቱ ከጅረቱ ወዲያ ናት» አለው ጋሼ ይማም፤ «ሊጠባ ሲሄድ መንገድ እንዳትዘጋበት አደራ።»

መንገድ የዘጋበት አልነበረም። ምልክቱ ሲሰጥ ሌሎቹ ገና ልጓም ሲያላውሱ ድረስ ጅረቱ ዳር ቆሞ ሣር ይፈልግ ነበር። ሰው እልል ለማለት አፉን ሲከፍት ነገሩ አልቋል። የከላላው ሰው በኋላ መጥቶ አባቴን ጨበጠውና «ወላሂ፣ ያላየሁት ፈረስ ነው ያሸነፈኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ፈረስ ስም ሲያወጣ ጌታውም ስም ያወጣል። አባቴም ጋሼ ይማምም አባ ድረስ ተባሉ። ገበያ ውስጥ አንድ ሰው «አባ ድረስ!» ብሎ ከተጣራ ከሁለት አቅጣጫ «አቤት!» ይሰማል፤ ከዚያ ሁለቱ ይተያዩና አንዱ ለሌላው «አንተን ነው» እየተባባሉ ጠሪው ይጉላላል። ሰርግ ያለ ድረስ ሰርግ መሆኑ ቀረ። በአገራችን ሰርግ የሙሽራው ወገንና የሙሽሪት ወገን ፈረሰኞች ሜዳው ላይ ተገናኝተው ወደ ዳሱ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ ለደረሰው ፈረስ የቤቱ እመቤት አዲስ ሻሽ አንገቱ ላይ ታስርለታለች። መንገዱ ሁሌ አጭር ስለነበር ከዚያ ጥር እስከሚቀጥለው ጥር ድረስ ያልታሰረለት ሻሽ አልነበረም። እናቴና የጋሼ ይማም ባለቤት እትዬ ዘይነብ ተካፍለው ለብሰው ስላልጨረሱት፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ በፈረሱ ሻሽ ነበር ገበያ የሚወጣው። ቃጭሏንም ያኔ ነው ሁለቱ ተስማምተው ያሠሩለት፤ አባቴ ማሰሪያዋን በየጊዜው ቅቤ እያሸ ያለሰልሰው ነበር።

የፈረስ አዋቂ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን አፉን ከፍተው አዩና «ይሄ ልጅ ጥርሱን ሳይጨርስ ጉልበቱን ልትጨርሱበት ነው» አሉ። ሁለቱም ሰሟቸው። ነገር ግን የክርስቲያኑ ሰርግ በአባቴ በኩል ይመጣል፣ የሙስሊሙ በጋሼ ይማም በኩል፤ ለጠያቂ ፈረስ መከልከል ደግሞ ነውር ነው። አባቴ የእሱ ዘመድ ሲጠይቀው እምቢ ቢል፣ የከለከለው ይማም ነው ተብሎ ጋሼ ይማምን የሚያሳጣ ይመስለዋል፤ የጋሼ ይማም ዘመድ ሲጠይቅ ደግሞ እምቢ ቢል ፈረሱን ለራሱ የቆጠበ ይመስልበታል። የጋሼ ይማምም ሐሳብ በትክክል ይኸው ነበር። ፈረሱ ጌታ ባይኖረው ያርፍ ነበር፤ አንድ ጌታ ቢኖረውም ምናልባት ያርፍ ነበር። ሁለት ጨዋ ጌቶች ስለነበሩት አላረፈም።

በሁለተኛው ጥር የግራ የፊት እግሩ ትኩስ ሆነ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሲዳብሰው ያገኘዋል። ለማንም አልተናገረም፤ ሌላ ሰው ሳይነሣ ከጅረቱ ቀዝቃዛ ውሃ እያመጣ ያፈስበታል። ጋሼ ይማም ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ እርሻ ላይ ሲሆን፣ እየመጣ ያንኑ ያደርጋል። አባቴ ማምሻውን ሲዳብሰው እርጥብ ሆኖ ያገኘውና ጅረት ተሻግሮ ነው ይላል። ጋሼ ይማምም ረፋዱ ላይ እርጥብ ሲያገኘው ጅረት ተሻግሮ ነው ይላል። እንዲህ እያሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ በዚያ እግር ላይ እየነካ፣ ሳይተዋወቁ ከረሙ።

ከዚያ የጋሼ ይማም ወንድም ሴት ልጅ ሰርግ ደረሰ። አባቴ ሊያስቀር ቆረጠ። እኔን አስከትሎ ሲሄድ መንገድ ላይ «ዛሬስ እነግረዋለሁ፤ ፈረስ ነው እንጂ ብረት አይደለም» እያለ ለራሱ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ስንደርስ ዳስ ይጣላል፤ ጋሼ ይማም አግዳሚው ላይ ወጥቶ ገመድ ያጠብቃል፣ የሙሽሪት እናት ከሥር ቆማ ታቀብለዋለች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ አባቴ፤ በእኛ አገር ሰላምታ ሃይማኖት አይጠየቅም።

«ወአለይኩም ሰላም! ግባ ወንድሜ፣ ግባ። ለፈረሱ ጉዳይ ነው የመጣኸው?»

አባቴ ዳሱን አየ፣ የሙሽሪትን እናት አየ። «አዎ» አለ።

ጋሼ ይማም ገመዱን አንድ ዙር አጠበቀ። «እኔማ ላስቸግርህ አልፈለግሁም» አለ፤ «የይማም ወገን ሰርግ ነው ብለህ እንዳትጨነቅ።»

«ምን ጭንቀት አለው? የአንተ ልጅ ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«እንግዲህ አንተ ካልክ…»

«የለም፣ አንተ ካልክ ነው እንጂ።»

«ደህና ነው አይደል ግን?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለ አባቴ።

ሴትየዋ «አላህ ያክብርልኝ» ብላ መረቀችው። ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ በጫማው ጫፍ እየመታ ሄደ።

የሰርጉ ዕለት ሜዳው የእኛ ሜዳ አልነበረም። ከወንዙ ማቋረጫ እስከ ዳሱ ያለው መንገድ ከወይራዋ እስከ ጅረቱ ካለው እጅግ ይረዝማል። የሙሽራው ወገን በአቧራ ተሸፍኖ ሲመጣ ድረስ እንደ ልማዱ ተነሣና ሁሉንም ጥሎ ሄደ፤ ቃጭሏ ብቻ ትሰማ ነበር። ከዚያ የእሱ መንገድ አለቀ። አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ አየሁት፤ ደርሻለሁ፣ ሣሬን ስጡኝ ነበር የሚለው። ዳሱ ግን ገና ሩቅ ነው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ነው፣ ከኋላ ፈረሰኞች እየደረሱ ነው። ጋሼ ይማም በእርካብ ነካው። ድረስም ሄደ። አንደኛ ወጣ፤ ዳሱ በር ላይ ሲቆም ግን የቆመው በሦስት እግር ነበር፤ የግራ የፊቱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተጣሞ ተንጠልጥሏል። የሙሽሪት እናት ቀድሞ መድረሱን እንጂ ሌላውን አላየችም፤ ሻሹን አንገቱ ላይ አሰረችለት። ከዚያ ዝቅ ብላ እግሩን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

ያን ቀን ነው ሁለቱ ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሲጣሉ ያየኋቸው። ጋሼ ይማም ወርዶ መሬት ተቀመጠ፤ አባቴ ሕዝቡን እየገፋ ሲደርስ ቀና ብሎ «ተሰማ፣ ኪሳራው የእኔ ነው፤ የተሰበረው የእኔ እግር ነው። የፊቱ የእኔ አልነበረም? የአንተዎቹ ደህና ናቸው» አለው።

«የፊቱ የእኔ ነው» አለ አባቴ።

«ምን ትላለህ?»

«የፊቱ የእኔ ነው! ሲወለድ የፊቱን እኔ ወሰድኩ፣ የኋላውን አንተ ወሰድክ። ረሳኸው እንዴ?»

«ወላሂ ትዋሻለህ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትዋሻለህ!»

«አልዋሽም። ትኩስ መሆኑን እያወቅሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልነግርህ መጥቼ አፈርኩ።»

ጋሼ ይማም የተሰበረውን እግር ዳበሰ። ከዚያ «እኔም ልነግርህ ነበር» አለ፤ «ስትመጣ፣ ለልጄ ፈረሱን ልትሰጠኝ ደስ ብሎህ የመጣህ መሰለኝ። ውሃ ሳፈስበት ነው የከረምኩት።» አባቴ ይህን ሲሰማ ጎኑ ተቀመጠ። እኔና ዘሀራ ያን ሁሉ ዘመን በእግር ስንጣላ የኖርን ልጆች፣ ለምስክርነት ቢጠሩን የትኛው እግር የማን እንደሆነ አፋችን ላይ ነበር። ተያየን፤ ማናችንም አልተናገርንም።

በአገሩ ልማድ የተሰበረ ፈረስ ወደ ገደሉ አፋፍ ይነዳል፤ የቀረውን ጅብ ያውቃል። ሁለቱም እምቢ አሉ። አጥሩ ሥር አስረው፣ እግሩን በቀርከሃ ጠግነው፣ ሣር እያጨዱ ክረምቱን አሳለፉት። የጭነት መኪናው ወይራዋ ጋ ብቅ ሲል ጆሮውን ያቆማል፣ አንድ ጊዜ እመር ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። እሱን ላለማየት ብዬ መኪና ስሰማ ወደ ቤት የምገባበት ጊዜ ነበር። መስከረም ሳይጠባ ሞተ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከወይራዋ ሥር ለፈረስ መቃብር ሲቆፍሩ መንገደኛው ቆሞ ይስቅ ነበር። አንዱ «ተዝካሩስ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ይማም ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለና «ለግማሹ ተዝካር፣ ለግማሹ ሰደቃ ነው» አለው፤ «የፊቱ የማን እንደሆነ ስላልተስማማን ነው የዘገየው።»

እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተስማሙም። ጋሼ ይማም ሲቀበር ሰው እየመጣ የአባቴን እጅ ይዞ «አባ ድረስ፣ አላህ ያጽናህ» ይለው ነበር፤ አባቴም ያን ቀን የሚመልስለት ሌላ አባ ድረስ ስለሌለ ሁሉንም ብቻውን «አቤት» አለ። በዓመቱ እሱም ተከተለው።

ዛሬ ሜዳው ቆርቆሮ ለብሷል። ወይራዋ መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠች፤ አጥሩ የነበረበት ቦታ የብሎኬት ግንብ ቆሟል፣ ግንቡ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ ተተክሏል። ፈረስ በመጥፋቱ አላዝንም፤ ባጃጅ ሣር አይበላም። የምቆጥረው ኪሳራ ሌላ ነው። እኛ ሰዎች ዛሬም እንካፈላለን፤ ነገር ግን የሮጠውን እግር የእኔ፣ የተሰበረውን የአንተ እንላለን። ለተሰበረው እግር ሲጣሉ ያየሁት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ስል የዱሮ ሰው ሁሉ ቅዱስ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያንን ፈረስ የገደለውም ጨዋነታቸው ነው። ከእነሱ የወረስነው ይሉኝታውን ነው፤ ጸቡን አልወረስንም።

ቃጭሏን ይዤ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። እዚሁ ከተማ ሱቅ አላት፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። «የአንቺ ግማሽ አለበት፤ ልጄ ባጃጅ ላይ ሰቅሎታል፣ ፈቀድሽ?» አልኳት።

«የእኔ ግማሽ ይሰቀል፤ ያንተን አንተ ታውቃለህ» አለችና ቃጭሏን ነቅነቅ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ «እናኑስ መቼ ትገባለች?» አለችኝ።

«እሷ እንዳለች ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እናንተ እንዳላችሁ አለች።»

ዘሀራ ሳቋን አቆመች።  ቃጭሏን መዳፌ ላይ መልሳ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችልኝ።

ዓርብ እናኑ ደወለች። «አባዬ፣ ልጨምር ወይስ ልምጣ?»

«ነይ» አልኳት።

«የሐብታሙ ባጃጅስ?»

«ያለውን ይንዳ። ነይ።»

«ወገብህስ? መድኃኒቱ…»

«ያመኛል። ነይ።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ከዚያ «እኔ እኮ ደህና ነኝ አባዬ፣ አብሽር» አለችኝ፤ ድምጿ ግን እርጥብ ነበር። ያን እርጥበት አውቀዋለሁ። አባቴ ድረስ እግር ላይ በእጁ ዳብሶት ጅረት ተሻግሮ ነው ብሎ አልፎታል።

«ነይ» አልኳት ደግሜ።